ለአትክልት ሾርባ የቱ ይሻላል? ሱፕ ሜከር፣ ፕሬሸር ወይስ ብሌንደር?

እህቴ ከዱባይ ስትመጣ ሱፕ ሜከር ይዛልኝ መጣች። ካርቶኑ ላይ ያለው ፎቶ ብቻውን ያስርባል። አትክልቱን ከትፎ መጨመር፣ አንድ ቁልፍ መጫን፣ ከሃያ ምናምን ደቂቃ በኋላ ለስላሳ ሾርባ መቅዳት። በቃ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ማሽኑን ከቦ ቆመ። ማሽኑ ጮኸ፣ ከፈትነው። ቀለሙ ያምራል። እናቴ አንድ ማንኪያ ቀመሰችና "ካሮቱ እኮ ጥሬ ነው" አለች።

ማሽኑ ብልሽት የለበትም። እህቴ ዱባይ ቤቷ ውስጥ ተመሳሳዩ አላት፤ እዚያ ካሮቱ ቅቤ ሆኖ ነው የሚወጣው። ልዩነቱ አገሩ ላይ ነው። ዱባይ ባሕር ጠረፍ ላይ ናት፤ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከፍ ባላችሁ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ድሬዳዋ ቢሆን 96 አካባቢ ነበር። ወደ እንጦጦ ወይም ወደ ሱሉልታ ከወጣችሁ ደግሞ ከ92ም ይወርዳል። እሳት ብትጨምሩ ውሃው ይንተከተካል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም።

ስምንት ዲግሪ ምን ታመጣለች አትበሉ። ካሮትን ካሮት አድርጎ አጥብቆ የያዘው ፔክቲን የሚባል ነገር ነው። እሱ የሚላላው በሙቀት ነው፤ ሙቀቱ ትንሽ ሲቀንስ ጊዜው በብዙ ይረዝማል። ስለዚህ ባሕር ጠረፍ ላሉ ሰዎች ተብሎ የተሞላ ሰዓት እዚህ ሲመጣ ያጥራል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሾርባ ዕቃ ማን ቢጠይቀኝ የምመልሰው አንድ ነገር ነው። ሾርባ ሁለት ሥራ ነው፤ ማብሰልና መፍጨት። ሻጮች የሚያወሩት ስለ መፍጨቱ ነው፤ ስለ ምላጩ፣ ስለ ዋቱ፣ ስለ ፍጥነቱ። እኛ ሰፈር የሚያስቸግረው ግን ማብሰሉ ነው። የበሰለ ካሮትማ በሹካም ይፈጫል። ገንዘባችሁን መጀመሪያ ማብሰሉን የሚያፋጥነው ላይ አውጡ። መፍጫውን በርካሹ ትወጡታላችሁ።

ከዚህ በታች ያለው እኔ ቤት የተሞከረ፣ ጎረቤት ቤትም ያየሁት ነው። ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ሳምንት ሳይሞላው ይቀየራል። በደረጃ ግን ልንገራችሁ። ከርካሹ ሲጀመር የእጅ ብሌንደር፣ ከዚያ የስቶቭ ፕሬሸር፣ ከዚያ ደህና የጁስ ብሌንደር ነው። የኤሌክትሪክ ፕሬሸርና ሱፕ ሜከር ላይኛው ጫፍ ላይ ይጋፋሉ።

ሱፕ ሜከር፦ ለሁለት ሰው ደግ፣ ለቤተሰብ ንፉግ

ሱፕ ሜከር ትልቅ ቴርሞስ ይመስላል። ከታች ማሞቂያ፣ ከክዳኑ ሥር ምላጭ አለው። ብዙዎቹ ከ1.2 እስከ 1.6 ሊትር ይይዛሉ። ይህ አራት ሳህን ያህል ነው፤ ሾርባ በሚወድ ቤት ሦስት። እኛ አምስት ነን። ሁለት ዙር መሥራት ግድ ይላል፤ ሁለተኛው ዙር እስኪደርስ የመጀመሪያው ይቀዘቅዛል። ውስጡ የታችና የላይ መስመር አለው። ከታችኛው ካነሰ አይሠራም፣ ከላይኛው ካለፈ ገንፍሎ ያቆማል። "እንግዳ መጣ፣ ውሃ ጨምር" የሚባለው ዘዴ እዚህ አይሠራም።

ምቾቱን ግን አልክድም። አጠገቡ መቆም የለም፣ ማማሰል የለም፣ ማሰሮ ማገላበጥ የለም። ቁልፉን ተጭናችሁ ልጁን ታጥባላችሁ። ለብቻው ለሚኖር ሰው፣ ለአዲስ ተጋቢዎች፣ ምግብ ለሚጀምር ሕፃን፣ ጥርስ ለሌላቸው አዛውንት በጣም ጥሩ ነው።

ዋናው ቅሬታዬ ሌላ ነው። ቁሌት! ብዙዎቹ ሱፕ ሜከሮች ሽንኩርት ማቁላላት አይችሉም። ጥሬውን ቀይ ሽንኩርት ከውሃው ጋር ትቀቅሉታላችሁ። ውጤቱ የሆስፒታል ምግብ የሚመስል፣ የተቀቀለ ሽንኩርት የሚሸት ሾርባ ነው። ማቁላያ ያላቸውም አሉ፤ ሱፕ ሜከር ካማራችሁ እነሱን ፈልጉ። ከሌለው ሽንኩርቱንና ነጭ ሽንኩርቱን በመጥበሻ አቁላልታችሁ ነው የምትጨምሩት። ያኔ ደግሞ "አንድ ዕቃ ብቻ" የሚለው ነገር አበቃ።

የካሮቱን ጉዳይ እንዲህ ፈታሁት። ድንችና ካሮትን ከ1 ሳንቲሜትር ባነሰ እቆርጣለሁ። ከቧንቧ የመጣ ቀዝቃዛ ውሃ ሳይሆን ሞቅ ያለ ውሃ እጨምራለሁ፤ የኔው ሰዓት ቆጥሮ የሚያቆም ዓይነት ስለሆነ የማሞቂያውን ጊዜ አተርፋለሁ። ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን ይሄኛው ነው፤ መጀመሪያ ሳይፈጭ ቁርጥራጩን ብቻ በሚያበስለው ፕሮግራም አንድ ዙር አስኬደዋለሁ። ከዚያ ለስላሳ በሚያደርገው ሁለተኛ ዙር። ከግማሽ ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት ሄደ ማለት ነው። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት የዱባይ ነው።

ምስርና ክክ ከታች ማሞቂያው ላይ ይይዛሉ። ወተትም እንደዚያው ያራል፤ ከፈለጋችሁ መጨረሻ ላይ ጨምሩ። ደረቅ ቦሎቄማ ጭራሽ አታስገቡ።

መብራት ሲጠፋስ? የኔው ሲመለስ ከዜሮ ይጀምራል፤ የቱ ጋ እንደደረሰ አያስታውስም። እጥበቱም ጣጣ አለው። ከታች ኤሌክትሪክ ስላለበት ባልዲ ውስጥ መንከር አይቻልም፤ በስፖንጅ እያባበሉ ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ ይህንን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት።

የኤሌክትሪክ ፕሬሸር፦ ማታ ለሚገባ ሰው

ሜክሲኮ ወይም መገናኛ ሠርቶ፣ ታክሲ ተሰልፎ፣ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቤቱ የሚገባ ሰው ይህን ዕቃ ይወደዋል። ባለ 6 ሊትሩ ለአምስት ሰው ሾርባ ሠርቶ ለነገ ምሳ ይተርፋል። ማቁላያ ስላለው ቁሌቱ እዚያው ይሠራል፤ ውሃና አትክልት ይጨመራል፣ ይዘጋል፣ ይረሳል።

የፕሬሸር ምሥጢር ያንኑ ከፍታ ማሸነፉ ነው። እንፋሎቱ ሲታፈን ግፊቱ ይጨምራል፣ ውሃው በ92 ዲግሪ መፍላቱን ይተዋል። የኤሌክትሪኩ እዚህ አገር 110 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። የስቶቩ ዓይነት ግፊቱ ስለሚበልጥ 115 እና ከዚያ ትንሽ በላይ። ከ92 ወደ 110 ስትዘሉ ካሮት ምርጫ የለውም።

እንግዲህ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ "5 ደቂቃ" የሚለውን አትመኑ። ድስቱ እስኪሞቅና ግፊት እስኪሞላ 10 ወይም 15 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። እንፋሎቱ እስኪወጣም ጊዜ አለ። ከቁሌቱ እስከ ሳህኑ 40 ደቂቃ ያዙለት። ሁለተኛ፣ መመሪያው ላይ ያለውን ደቂቃ ጨምሩ። የተለመደው ስሌት ከ600 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 300 ሜትር 5 በመቶ ነው። ለአዲስ አበባ ሲሰላ ወደ 30 በመቶ ይጠጋል። መመሪያው 8 ደቂቃ ካለ 10 ወይም 11 አድርጉት። ይህን ሳላውቅ ስንት ጊዜ "ይሄ ማሽን ፎርጅድ ነው" ብያለሁ።

መብራት ከጠፋ የሚወሰነው የቱ ጋ እንደጠፋ ነው። ግፊቱ ከሞላ በኋላ ከሆነ አትደንግጡ። ክዳኑን አትንኩት። ድስቱ ሙቀት ስለሚይዝ አትክልቱ በዚያው ይበስላል፤ ሃያ ደቂቃ ቆይታችሁ ስትከፍቱ ደርሶ ታገኙታላችሁ። ሳይሞላ ከጠፋ ግን ገልብጣችሁ በሌላ ድስት ከሰል ላይ መጣድ ነው። የውስጡን ድስት አውጥታችሁ ከሰል ላይ እንዳትጥዱት። ቅቡ ይላጣል፣ መቀመጫውም ይጣመማል፤ ከዚያ በኋላ ማሞቂያው ላይ ልክ አይቀመጥም።

ሰዓት ሞልቶ መውጣት የሚባለውን ዘዴ አልወደውም። ጠዋት 12 ሰዓት የተከተፈ ድንች እስከ ማታ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይውላል፤ መብራቱ በሰዓቱ መኖሩንም የሚያውቅ የለም። ዝግ ብሎ የሚያበስለውን ፕሮግራም ደግሞ ለቦሎቄ አትጠቀሙ። ቦሎቄ ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ በደንብ መፍላት አለበት። በዝቅተኛ ሙቀት ከቆየ ሆድ የሚያውክ መርዙ አይጠፋም።

አንዲት ትንሽ ጉዳይ። የክዳኑ ጎማ ሽታ ይይዛል። እሁድ ዶሮ ወጥ የሠራችሁበት ጎማ ረቡዕ የጾም ሾርባችሁን "ዶሮ ዶሮ" ያሸተዋል። እናቴ በዚህ አትደራደርም። ሁለተኛ ጎማ ገዝተን አንዱን ለጾም አደረግነው።

የስቶቭ ፕሬሸርና የእጅ ብሌንደር፦ የኔ ምርጫ

አንድ ጥንድ ብቻ ግዙ ከተባልኩ ይህንን እላለሁ። ተራው፣ የሚያፏጨው፣ ስቶቭ ላይ የሚጣደው ፕሬሸር፤ ከጎኑ የእጅ ብሌንደር።

ምክንያቴ መብራት ነው። ይህ ድስት ስቶቭ ላይ ይሠራል፣ ሲሊንደር ጋዝ ላይ ይሠራል፣ ሲቸግር ከሰል ላይም ይሠራል። ከሰል ላይ እሳቱን መቀነስ ስለማይቻል ማፏጨት ሲጀምር ፍሙን ማሳሳት አለባችሁ። የሚቃጠል ቦርድ የለውም፣ ቮልቴጅ አያውቅም። ጎማውና ማፏጫው ሲያረጅ መርካቶ ሄዳችሁ ታገኛላችሁ። ሲገዙት ብቻ የጎማውን ልክ ጻፉ ወይም አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ።

እናቴ ፕሬሸር ትፈራለች። "ይፈነዳል" ትላለች፤ ብዙ እናቶችም እንደዚያ ናቸው። ፍርሃቱ የቆየ ነው። ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፓን እ.ኤ.አ. በ1679 እንፋሎት የሚያፍነውን ድስት ለንደን ላይ ሲያሳይ ያው ችግር ነበረበትና ነው ትርፉን እንፋሎት የሚያስወጣ መተንፈሻ ያበጀለት። ዛሬም አደጋው ያለው መተንፈሻው ላይ ነው። ከመጣዳችሁ በፊት ቀዳዳውን ወደ ብርሃን አድርጋችሁ እዩት፤ ብርሃኑ ካላለፈ ተደፍኗል ማለት ነው። ከሁለት ሦስተኛው በላይ አትሙሉት። ምስር ወይም ክክ ካለበት ከግማሽ አይለፍ፤ አረፋው ወጥቶ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ክዳኑ እምቢ ካለ አትታገሉት፤ ግፊቱ ገና አልወጣም።

ጊዜውስ? 2 ሳንቲሜትር ያህል የተቆረጠ ካሮትና ድንች ማፏጨት ከጀመረ በኋላ 6 ወይም 7 ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ እሳቱን አጥፍታችሁ ራሱ እስኪተነፍስ መጠበቅ ነው። ያንኑ ሾርባ በተራ ድስት ስሠራው 50 ደቂቃ ይፈጅብኛል። 1,500 ዋት ስቶቭ ለ50 ደቂቃ ማለት 1.25 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ፕሬሸሩ ከነማሞቂያው ከዚያ ግማሽ አይሞላም። ካርድ ቆጣሪ ያላችሁ ልዩነቱን ስክሪኑ ላይ ታዩታላችሁ። ታሪፉ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዷ ኪሎዋት ሰዓትም ዋጋ ከፍ እያለ የሚሄድ ስለሆነ ወር መጨረሻ ላይ ይበልጥ ይሰማል።

ወደ እጅ ብሌንደሩ እንሂድ። ይህችን ዕቃ ሰው ይንቃታል። በትር የምትመስል፣ ጫፏ ላይ ምላጭ ያለባት። ሾርባውን ከድስቱ ሳታወጡ እዚያው ትፈጩታላችሁ። ግማሹን ፈጭታችሁ ግማሹን ቁርጥራጭ መተው ትችላላችሁ፤ እኔ ቤት ሁልጊዜ የሚወደደው እሱ ነው።

ስትገዙ እግሯ ብረት መሆኑን እዩ። የፕላስቲክ እግር ለሙቅ ሾርባ አይሆንም። 600 ዋት አካባቢ ከሆነች ለበሰለ አትክልት ከበቂ በላይ ናት፤ 1,000 ምናምን ብሎ የተለጠፈውን ሁሉ አትመኑ። ያለማቋረጥ ከአንድ ደቂቃ በላይ አታስኬዷት፤ ሞተሯ ይግላል። ድስቱን ከእሳት አውርዱ፣ ምላጩን ከሾርባው ውስጥ ከነከራችሁ በኋላ አስነሱ፣ ሳታጠፉ አታውጡ። አለበለዚያ ግድግዳው ይቀባል። ምላጩ ላይ የተጠመጠመ ቆስጣ ለማውጣት እጃችሁን ከመስደዳችሁ በፊት ደግሞ ሶኬቱን ንቀሉ። ሶኬቱን። ይህን ሁለት ጊዜ የጻፍኩት በምክንያት ነው፤ የቀኝ እጄ ጠቋሚ ጣት ምስክር ነው።

እጥበቷ ደስ ይላል። አንድ ኩባያ ውሃ፣ ጠብታ ሳሙና፣ አሥር ሰከንድ ማስነሳት፣ አለቀ። ውሃ ከሦስት ቀን በኋላ በሚመጣበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጉድለቷ አንድ ነው። እንደ ሆቴል ሾርባ ፍጹም ልሙጥ አታደርግም። የቆስጣ ክር፣ የፎሶሊያ ቅርፊት ትንሽ ይቀራል። ይህን የማይታገስ ሰው ቤት ካለ ቀጣዩን ያንብብ።

የጁስ ብሌንደር

ቤታችሁ ካለ ለሾርባ ብላችሁ ሌላ አትግዙ። ከሌለ ደግሞ ለሾርባ ብላችሁ እሱን አትግዙ። ልሙጥነቱን ማንም አይደርስበትም፤ ግን ማብሰል አይችልም፣ ሙቅ ነገርም አይወድም። የኛ ወጥ ቤት ኮርኒስ ላይ እስከዛሬ ብርቱካንማ ነጠብጣብ አለ። የዱባ ሾርባ ነው። እስከ አፉ ሞልቼ፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ፣ ቁልፉን ተጫንኩ። ትኩስ ፈሳሽ ሲሽከረከር በአንድ ጊዜ ብዙ እንፋሎት ይወጣዋል፤ መውጫ ሲያጣ ክዳኑን ይዞ ይሄዳል። ፊቴ ተርፏል፤ ኮርኒሱ አልተረፈም።

አሁን ሾርባውን አበርደዋለሁ። ከሲሶ በላይ አልሞላም። የክዳኑን መሀል ቡሽ አውጥቼ በፎጣ ይዤ ከዝቅተኛው ፍጥነት እጀምራለሁ። ድንች የበዛበት ሾርባም ብዙ አይፈጭ፤ ስታርቹ ወጥቶ ሙጫ ይሆናል። ሳህኑ ላይ ሲወርድ እንደ ላስቲክ ይሳባል፣ ያስጠላል።

ሶኬቱ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት

እኛ ጋ ዘመድ ያመጣው ዕቃ ይበዛልና ስለ መብራቱ ልናገር። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ 120 ቮልት ነው። የኛ 220 ነው። ሳታዩ ከሰካችሁት በሰከንድ ይቃጠላል። የሚያወርድ ኮንቨርተር አለ፤ ግን 1,000 ዋት ለሚበላ ፕሬሸር የሚሆነው ከባድና ውድ ነው። ዕቃውን ስጦታ ነው ብላችሁ ኮንቨርተሩን ስትገዙ ስጦታው ዕዳ ይሆናል። ዘመዳችሁ ገና ሻንጣ ሳይሸክፍ "ከታቹ ምን ይላል?" ብላችሁ ጠይቁ። "ከ220 እስከ 240" የሚል መሆን አለበት።

የዱባይ ዕቃ በቮልቴጅ ችግር የለበትም። ሶኬቱ ግን ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፤ የኛ ግድግዳ ባለ ሁለት ክብ ቀዳዳ። ርካሽ መቀየሪያ ሰክታችሁ ማሞቂያ ያለው ዕቃ አታስኬዱ፤ ይግላል፣ ይቀልጣል። የኔን ሱፕ ሜከር ሶኬት ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ ጫፉን አስቀየርኩት።

ዲቫይደር ላይም አትሰኩ። ተራው ዲቫይደር 10 አምፔር ነው፤ በ220 ቮልት ሲባዛ 2,200 ዋት። 1,500 ዋት ስቶቭና 1,000 ዋት ፕሬሸር በአንዱ ላይ ከሰበሰባችሁ ወሰኑን አልፋችኋል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ደግሞ ሌላውን ሁሉ እርሱት። ምጣዱ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይጎትታል፤ መብራቱ ደብዘዝ ሲል የምታዩት እሱን ነው። ዲጂታል ቦርድ ያላቸው ዕቃዎች ይህንን መዋዠቅ አይወዱም። ኮዬ ፈጬ የሚኖር ወዳጄ የኤሌክትሪክ ፕሬሸሩን በገዛ በአራተኛ ወሩ ቦርዱን ያስቀየረው በምጣድ ቀን ነው።

የኔ ሾርባ እንዴት ይሠራል

ለአምስት ሰው የማደርገውን ልንገራችሁ፤ ምርጫችሁ የትኛውም ዕቃ ቢሆን ቅደም ተከተሉ ይጠቅማችኋል። አትክልቱን የምገዛው እሁድ ገበያ ነው። አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነስቶ፣ ጃን ሜዳ ከርሞ፣ ሃይሌ ጋርመንት ከገባ ወዲህ ለኛ ሰፈር ሰው ራሱን የቻለ ጉዞ ሆኗል። ጎረቤት ተጠራርቶ በጆንያ ካልተገዛ አያዋጣም።

አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት በዘይት አቁላላለሁ፤ ሳይጠቁር፣ ወርቃማ እስኪሆን። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እጨምራለሁ። ባሮ ሽንኩርት ካለ እሱም እዚህ ይገባል። ከዚያ ሦስት ካሮት፣ ሁለት ድንች፣ አንድ ዝኩኒ፣ እፍኝ ቀይ ምስር። ምስሩ ለጾም ሾርባ ወፈር ያለ አካል ይሰጠዋል፤ ክሬም አያስናፍቅም። ውሃ 1 ሊትር ገደማ። ፕሬሸር ውስጥ ብዙ ውሃ ተንኖ አይጠፋም፤ በተራ ድስት የለመዳችሁትን ያህል ከጨመራችሁ ቀጭን ይሆንባችኋል።

ቲማቲሙን እዚህ ላይ እንዳትጨምሩት። ኮምጣጣ ነገር ፔክቲኑን ያጠነክረዋል፤ ቲማቲም ቀድሞ የገባበት ካሮት ይግደረደራል። በ92 ዲግሪ ለምናበስል ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ፕሬሸሩ ከተከፈተ በኋላ ሁለት የተላጠ ቲማቲም ከትፌ ጨምሬ ክዳኑን ሳልገጥም አምስት ደቂቃ አፈላዋለሁ። በእጅ ብሌንደር አራት አምስት ጊዜ ጫን ጫን። ቆስጣው፣ ቃሪያው፣ ቁንዶ በርበሬው ከመፍጨቱ በኋላ ይገባሉ። ቆስጣ ከተፈጨ ሾርባው ጭቃ ይመስላል።

የተረፈው ሲበርድ ፍሪጅ ይገባል፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። መብራት ጠፍቶ ያደረ ከሆነ ግን አልከራከርም፣ እደፋዋለሁ።

ታዲያ የቱን?

ብቻችሁን ወይም ሁለት ሆናችሁ ከኖራችሁ፣ መብራቱም ደህና ከሆነ፣ ማቁላያ ያለው ሱፕ ሜከር ግዙ፤ ትንሽ ቁረጡ፣ ሁለት ዙር አስኬዱት። ማታ ደክሟችሁ የምትገቡና ሦስት አራት ሰው የሚጠብቃችሁ ከሆነ የኤሌክትሪክ ፕሬሸር፤ ከተረፋችሁ የእጅ ብሌንደር ጨምሩበት። ካልተረፋችሁ በማማሰያ መጨፍለቅ ይበቃል። መብራትና ውሃ የሚያስቸግራችሁ፣ ቤተሰቡ የበዛ፣ ገንዘቡም የሚታሰብ ከሆነ የስቶቭ ፕሬሸርና የእጅ ብሌንደር፤ ሁለቱ ተደምረው ከአንድ ሱፕ ሜከር በታች ይገኛሉ። በተለይ ለጾም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ በየቀኑ ሁለት ዙር የሚጠይቅ ማሽን በሁለተኛው ሳምንት መደርደሪያ ላይ ይወጣል። በላይኛው ፎቅ ያሉት ጎረቤቶቻችን በረመዳን ለማፍጠሪያ የአጃ ሾርባ የሚሠሩት በባለ 7 ሊትር ፕሬሸር ነው። ሱፕ ሜከሬን ላውሳቸው ብል ባለቤትየዋ "ይሄማ ለድመት ነው" ብላ ሳቀችብኝ።

ሱፕ ሜከሩን አልሸጥኩትም። ጠዋት ጠዋት እናቴ አጃ ታፈላበታለች። አጃ እንደ ካሮት አያስቸግርም፤ በ92 ዲግሪም ይበስላል። እህቴ ስትደውል "እንዴት ነው ማሽኑ?" ትላለች። እናቴ ትመልሳለች፣ "ጎበዝ ነው፣ ካሮት ብቻ አትስጡት እንጂ።"